ጨው አለው ወይስ የለውም?

ተመስገን፣ አፍንጫዬ ዛሬ ደህና ነው። ጤናዬን ጠይቃችሁኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ይመዝገብልኝ። ሰው ስለ ዓይኑ ያመሰግናል፣ ስለ እግሩ ያመሰግናል። አፍንጫውን ግን የመነጽር ማስቀመጫ አድርጎት ይኖርና አንድ ቀን ድፍን ሲልበት ነው ባለውለታው መሆኑ የሚገባው። እኔ ራሴ እስከዚያ ክረምት ድረስ ለአፍንጫዬ የነበረኝ ክብር ከመሐረብ አያልፍም ነበር።

የሚያሳፍረው ደግሞ አስተማሪ መሆኔ ነው። ያኔ፣ መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ማለቴ ነው፣ ሀና ማርያም አካባቢ ሳይንስ አስተምር ነበር። በየዓመቱ የስሜት ሕዋሳት የሚለው ምዕራፍ ሲደርስ በቀለም ያሳመርኩትን ትልቅ የጭንቅላት ሥዕል ሰሌዳው ላይ እሰቅላለሁ። ሥዕሉ ከፊት ይልቅ ድንች ይመስላል፤ ቢሆንም እኮራበታለሁ። ዓይን ብርሃንን፣ ጆሮ ድምፅን፣ አፍንጫ ሽታን፣ ምላስ ጣዕምን፣ ቆዳ ሙቀትና ቅዝቃዜን ይቀበላሉ፤ የተቀበሉትን በነርቭ በኩል ለአንጎል ያደርሳሉ፤ አንጎል ደግሞ ይተረጉመዋል እያልኩ በመጠቆሚያዬ ጠቆም ጠቆም አደርጋለሁ። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ አንዱ ቢበላሽስ?» ይላል። እኔም ኮራ ብዬ፣ «ሌሎቹ ያግዙታል!» እላለሁ። ያቺ መልስ ናት እቤቴ ድረስ ተከትላኝ መጥታ ያዋረደችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴን አሰለፈችን ያገባኋት አባቷን ሳላስፈቅድ ነው። እሷ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ እኔ እዚያ ተመድቤ አስተምር ነበር። ወደ አዲስ አበባ ስዛወር አብራኝ መጣች። አባቷ አቶ ወልደየስ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሬ ዘርፌ የጠፋሁ ያህል ቆጠሩኝ። ስሜን አንስተው አያውቁም፤ ካነሱም «ያ ሰውዬ» ነበር የምባለው። እናቷ በሕይወት ሳሉ በሰው እጅ በድብቅ ቅቤ ይልኩልን ነበር። እሳቸው ሲያርፉና ቤቱ ጭር ሲል ነው ሽማግሎቹ በር አግኝተው የገቡት። ሽማግሌ ተልኮ፣ ሽማግሌ ተመልሶ፣ እንደገና ተልኮ፣ በመጨረሻ ሰውዬው፣ «እንግዲያው የዘንድሮን ፍልሰታ እነሱ ቤት እፈታለሁ» አሉ።

አሰለፈች ይህን ስትሰማ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥላ ዶሮ ግዛ አለችኝ። ጾሙ ገና መያዙ ነበር።

ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከፉሪ ሰፈር ስመለስ ዝናብ ደብድቦኝ ጉንፋን ያዘኝ። ጉንፋን ደግሞ በኛ ቤት የጋራ ንብረት ነው፤ በማግስቱ እሷም አስነጠሰች። የጾም መፍቻው ዋዜማ ሲደርስ ሁለታችንም አፍንጫ የሚባል ነገር አልነበረንም። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልተን፣ በአንድ ብርድ ልብስ ተሸፍነን እንፋሎት ታጠንን። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ማሽተት ጀመርን፤ ግን ዓለም ሁሉ የሚሸተው ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው። ሽንኩርቱ ባሕር ዛፍ፣ ቅቤው ባሕር ዛፍ፣ ድመታችን ሳትቀር ባሕር ዛፍ። ከዚያ መልሶ ድፍን አለ።

«ታዲያ ምን ቸገራችሁ፣ ቀምሳችሁ አትሠሩም?» የሚል ካለ ጾም የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። የጾም መፍቻ ወጥ የሚሠራው በጾም ነው። ወጡ እየተንተከተከ፣ ቅቤው እየተንሳፈፈ፣ ሠሪዋ ግን ጭልፋውን ወደ አፏ ማስጠጋት አትችልም። ፍልሰታ ደግሞ ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙት ጾም ነው፤ ‘ና እስቲ ቅመስልኝ’ የሚባል ልጅ እንኳ በሰፈሩ አይገኝም። ሴቶቻችን ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ዘለቁት ካላችሁ፣ በአፍንጫቸው ነው። እንፋሎቱን በእጃቸው ወደ ፊታቸው ሳብ ያደርጉና «ጨው ይቀረዋል» ይላሉ። ከቀመሰው ሰው በላይ ያውቃሉ። አንድ ጊዜ ጨው እኮ ሽታ የለውም ብዬ በሳይንስ ልከራከር ሞክሬ፣ አሰለፈች፣ «ላንተ ነዋ የሌለው» ብላ ዘግታኛለች። ወጡ ጨው ሲገባበት ሽታው ይለወጣል ነው የሚሉት።

እንግዲህ አፍንጫ በሌለበት ቤት ዶሮ ወጥ ተጣደ። ሁሉም ነገር ደህና ሄደ፤ ቁሌቱ በዓይን ታየ፣ በርበሬው በማንኪያ ተለካ። ከዚያ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ተጣራች። ለነገው እንግዳ ብላ ያማሩ ሳህኖቿን ልታውሰን ነው፤ እግዜር ይስጣት። አሰለፈች ወጣ ብላ ሳህኖቹን ተቀብላ ተመለሰችና ድስቱ አጠገብ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። የጨው ጣሳው ክፍት ነው። ማንኪያው ጣሳው ውስጥ ተሰክቷል።

«ጨው ጨምሬያለሁ?» አለችኝ።

«እኔን ነው የምትጠይቂኝ?»

«እዚሁ ተገትረህ አልነበር እንዴ!»

«ሽንኩርት እየላጥኩ እኮ ነው። ዓይኔ መቼ ያያል?»

እውነቴን ነው፤ ለሌላው ወጥ የሚሆን ሽንኩርት አሸክማኝ እንባዬ እየወረደ ነበር። ጣሳውን አየነው። ጨምራ ሳትከድነው ወጥታ ነው? ወይስ ልትጨምር ከፍታው ስትጠራ ወጥታ ነው? ጣሳ አይናገር። አሰለፈች በርጩማ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ጨው ቢኖረውና ሌላ ጨው ብትጨምር ወጡ አበቃለት። ባይኖረውና ብትተወው አባቷ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ልጃቸው ቤት የሚጎርሱት የመጀመሪያ ጉርሻ አልጫ ነው። «የዚያ ሰውዬ ቤት ገብታ ሙያዋን ጣለች ይለኛል» አለች። ሳቅ የሚባል ነገር በፊቷ አልነበረም።

ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ሳይንስ አስተማሪው ከመቀመጫው የተነሣው። «አይዞሽ» አልኳት፤ «አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ ያግዙታል።»

በመጀመሪያ አፍንጫ በውሰት ፈለግን። እትዬ ዘይነባ ሙስሊም ናት፤ ጾሙ አይመለከታትም። ጭልፋ ይዤ እየሮጥኩ ሄድኩ። አጥሩ ጋ ቆማ ጭልፋውን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«መምህር፣ የእናንተን እርድ እኔ መቼ በላሁና!»

ለካ ጎረቤታሞች ሆነን ያን ሁሉ ዘመን ስንኖር ለሷ የሚቀርበው ሁልጊዜ ሽሮና ዳቦ ነበር። በድንጋጤ ጠፍቶብኝ ነው። እሷ ግን ሳቀችና ነጠላዋን ሰብስባ መጣች። «ምላሴን ነው እንጂ አፍንጫዬን የከለከለኝ የለም» ብላ ድስቱ ላይ ጎንበስ አለች። ዓይኗን ጨፍና ሳበችው።

«ቁሌቱ ልኩን አግኝቷል» አለች። «ኮረሪማው ትንሽ ደፈር ብሏል። ቅቤው የደብረ ብርሃን ነው።»

«ጨውስ?» አልን ባንድ ላይ።

እንደገና ሳበችው። «ጨው… ወላሂ አልምልም። የራሴ ድስት ቢሆን ከበር ላይ ሆኜ እነግርሽ ነበር፤ የሰው ድስት ግን አልለመድኩትም።» ከዚያ አሰለፈችን አቅፋ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። አፍንጫዋ ለሰው እንባም እንደሚሠራ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ አብራ ሽቅብ ሳበች።

ቀጥሎ ምላስ። በትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ላይ የምላስ ካርታ ነበር፤ ጣፋጭ ጫፉ ላይ፣ ጨው ጎኑ ላይ፣ መራራ ከኋላ። «የምላሴን ጫፍ ብቻ ባስነካው እንደ መብላት አይቆጠርም» አልኳት።

«ጫፉ ምንድን ነው የሚያውቀው አልክ?»

«ጣፋጭ።»

«ታዲያ ስለ ጨው በምን ሊነግርህ ነው?»

ተማሪዎቼ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ስለማይጠይቁ አምላኬን አመሰገንኩ።

ቆዳ ቀረን። ሽንኩርት ስልጥ ጣቴን ቆርጬ ነበር። ቁስል ላይ ጨው ሲነካ እንደሚያቃጥል የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ ጣቴን ወጡ ውስጥ ብነክር፣ ካቃጠለኝ ጨው አለው፣ ካላቃጠለኝ የለውም። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሙከራ በቤተ ሙከራም አይገኝም ብዬ ወጡን በጭልፋ አውጥቼ አቀዘቀዝኩና ጣቴን ነከርኩት።

በርበሬውን ረስቼው ነበር።

እንዴት እንደዘለልኩ አላስታውስም። የውሃ ባልዲው ሲገለበጥ፣ እትዬ ዘይነባ «ቢስሚላሂ!» ስትል፣ ድመቷ በመስኮት ስትወጣ ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ እንግዲህ ጤነኛ ነው። ቆዳዬ መልእክቱን ወደ አንጎሌ ልኳል፤ አንጎሌም ተርጉሞታል። ግን የተረጎመው «ተቃጠልክ!» ብሎ ብቻ ነው። በጨው ነው ወይስ በበርበሬ የሚለውን ዝርዝር ለኔ ትቶልኛል።

ሰው በዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን ጣቴን በጨርቅ ጠቅልዬ ሳስብ የኦቦ ቶሎሳ ላም ትዝ አለችኝ። ኦቦ ቶሎሳ ሰፈሩ ሁሉ የጤፍ ማሳ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እዚያው የኖሩ ጎረቤታችን ናቸው፤ ማሳው በቤት እየተበላ ቢሄድም ላሞቻቸውን አልለቀቁም። ላም ጨው ትወዳለች። ላም አትጾምም። ላም የማንንም እርድ አትጠይቅም። ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲገባኝ ራሴን አደነቅሁ። በጭልፋ ወጥ ይዤ፣ በሌላው እጄ ጃንጥላ ዘርግቼ፣ ጭቃውን እያቦካሁ ሄድኩ።

«መምህር፣ ምንድን ነው?» አሉ ኦቦ ቶሎሳ ከበረቱ ብቅ ብለው።

«ዶሮ ወጥ ነው። ለላሚቱ።»

«ልጅቷ አሟታል እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው። ልጅቷ የሚሏት አሰለፈችን ነው፤ በትክክል ሊጠይቁ የፈለጉት ስለኔ እንደሆነ ግን ገብቶኛል። ነገሩን አስረዳኋቸው።

«ጨውስ ትወዳለች» አሉ። «በርበሬ ማን አስተማራት?»

ላሚቱ አፍንጫዋን ወደ ጭልፋው አስጠጋች። እንዴት ያለ አፍንጫ! እርጥብ፣ ሰፊ፣ ሁለት ቀዳዳው ክፍት የሆነ፤ ቀናሁባት። አንድ ጊዜ ሳበችና አስነጠሰች። የጭልፋው ወጥ በሙሉ ሸሚዜ ላይ ነው። ከዚያ ምላሷን አውጥታ ክንዴን ትልሰው ጀመር። «ጨው አለው!» ብዬ ጮህኩ። ኦቦ ቶሎሳ ግን እየሳቁ፣ «ላብህን ነው የላሰችው፣ ወጡ ያለው ደረትህ ላይ ነው» አሉ። በኦሮምኛቸው ‘ማሎ! ማሎ!’ እያሉ ሆዳቸውን ይዘው በረቱ ደፍ ላይ ተቀመጡ። ሳቃቸው ሲበርድላቸው ግን ገብተው አንድ ቅል እርጎ ይዘው ወጡ። «ለእንግዳችሁ» አሉ። እንግዳችን ማን እንደሆነ፣ አሰለፈች ስንት ዓመት እንደጠበቀችው ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ኖሯል።

ቤት ስደርስ አሰለፈች ወስናለች። ድስቱን ከድናለች። «አልጨምርም» አለች። «የበዛ ጨው አይወጣም።»

«ካነሰ ጨው እናቀርባለን።»

«ለአባዬ? ወጥ ሠርቼ ጨው ላቀርብለት? ብሞት ይሻለኛል!»

አንድ ተስፋ ቀረን፤ ጠዋት ቅዳሴው እንዳለቀ እኔ ሹልክ ብዬ እሮጣለሁ፤ ጾሙ ስለተፈታ እቀምሳለሁ፤ እነሱ እስኪደርሱ አስተካክላለሁ።

በማግስቱ ሀና ማርያም ቅጥር ግቢ፣ ከሽማግሎቹ ባንዱ ቤት ያደሩትን አማቴን ከሩቅ አየኋቸው። ነጭ ጋቢ፣ ከዘራ፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ ወገብ። ጉልበታቸውን ስሜ ቆምኩ፤ «ደህና ነህ» አሉኝ፤ ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም። ቅዳሴው አለቀ። ሕዝቡ እልል ሲል እኔ ወደ በሩ አመራሁ። ሁለት ሰው አልፌ ሦስተኛውን ስገፋ ከኋላዬ፣ «ና ወዲህ፣ ልጄ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዞርኩ። አማቴ ከዘራቸውን ጭቃው ላይ ተክለው ቆመዋል። «እግሬ የእናንተን ጭቃ አልለመደውም» አሉና ክንዴን ያዙ።

ስለ ቆዳ ብዙ አስተምሬያለሁ። ሙቀት፣ ቅዝቃዜ፣ ሻካራ፣ ለስላሳ ብዬ አስጽፌያለሁ። የዚያ ሰው እጅ ሻካራና ሞቃት ነበር፤ ሁለቱም ሥዕሌ ላይ አሉ። ያን ጊዜ የተሰማኝ ነገር ግን ሥዕሌ ላይ የለም። መንገድ ላይ ያገኙት ሰው ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ ሲላቸው ቆም ይሉና፣ «የልጄ ባል ነው» ይላሉ፤ ማንም አልጠየቃቸውም። ስለ ጨው ያስታወስኩት የቤታችን በር ላይ ስደርስ ነው። ዞሬ ሳይ አሰለፈች ከኋላችን በነጠላዋ አፏን ሸፍና እያለቀሰች ትመጣለች።

ተቀመጥን። ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ። በእትዬ ዘይነባ ሳህን ወጡ ቀረበ፤ የኦቦ ቶሎሳ እርጎ አጠገቡ። የመጀመሪያው ጉርሻ የእሳቸው ነው። አሰለፈች እጇን አጣምራ ቆመች። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ፣ የሰውዬውን ማኘክ፣ የራሴን ልብ ምት ለይቼ እሰማለሁ።

ዋጡ።

«አሰለፍ» አሉ።

«አቤት አባዬ።»

«ጨው አምጪልኝ።»

ክው አለች። በትንሽ ሳህን አመጣችላቸው። እሳቸው ቆንጥረው ነሰነሱ፣ በጣታቸው አዋሃዱ፣ ቀመሱ። እንደገና ቆነጠሩ። እንደገና። ከዚያ ድንገት ፈገግ አሉ። ሰውዬው ፈገግ ሲሉ አይቼ ስለማላውቅ መጀመሪያ ያማቸው መስሎኝ ነበር።

«እናትሽም እንዲህ ነበረች» አሉ። «የጾም መፍቻ ወጥ ስትሠራ ጨው ትፈራለች። ጠዋት የምጨምረው እኔ ነኝ፤ ዕድሜያችንን ሙሉ። ጨምሬ አጎርሳትና፣ ‘ልክ ነው?’ እላታለሁ። ‘ልክ ነው’ ትለኛለች። አንድ ቀን አነሰ፣ አንድ ቀን በዛ ብላኝ አታውቅም። እሷ ካረፈች ወዲህ የሄድኩበት ሁሉ ያለቀለት ወጥ ያቀርቡልኛል። ማንም ጨው አምጡ የሚያሰኝ ወጥ ሰጥቶኝ አያውቅም።» ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉ። «ዛሬ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ፣ ልጄ።»

አሰለፈች እግራቸው ሥር ተንበረከከች። ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሷት። ስታኝክ አየኋት፤ ሁለት ጊዜ አኝካ ቆመች። ዓይኗ ተከፈተ።

«ልክ ነው?» አሏት።

ዋጠችው። «ልክ ነው አባዬ።»

ቀጥለው ለኔ። አፍንጫዬ ድፍን እንዳለ ነው፤ ግን ጨው ለካ አፍንጫ አያስፈልገውም። ካርታው ላይ ያለው ጎኑም፣ ጫፉም፣ ኋላውም ባንድ ላይ ጮኹ። አንድ አሞሌ የጎረስኩ መሰለኝ። ሽማግሌው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። «ልክ ነው?»

«ልክ ነው አባባ» አልኩ።

አሰለፈች ውሃ ላምጣ ብላ ወደ ማድቤቱ ስትገባ ተከተልኳት። ድስቱን ከፍታ በጣቷ ቀምሳለች። «ጨምሬ ነበር» አለችኝ በሹክሹክታ። «ጨዉ ልክ ነው። ምንም አይጎድለውም።»

ተያየን። ምላስ ከሰው ጋር ያረጃል፤ ሽማግሌ ሲሆኑ ጨው አልታወቅ ይላል፣ እሱን አውቃለሁ፣ አስተምሬዋለሁም። ግን አሰለፈች ራሷን ነቀነቀች። «አባዬ ልጅ ሆኜም ይጨምር ነበር» አለች። «እማዬ ጾም በፈታን ቁጥር የውሃ ማሰሮዋን አጠገቧ አድርጋ ነበር የምትውለው። ስትጠጣ፣ ስትጠጣ… እኔ የጾሙ ጥማት ይመስለኝ ነበር።»

ከዚያ ሳቀች፤ እያለቀሰች ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ ሁለታችንም አፋችንን ይዘን። እድሜዬን ሙሉ ለሰው ልጅ አምስት የስሜት ሕዋሳት አሉት እያልኩ ሳስተምር እኚያን የአሰለፈችን እናት አለማመስገኔ ቆጨኝ። ትልቁን ማሰሮ ውሃ ሞልቼ ወደ ገበታው ተመለስን። አማቴ ሌላ ጉርሻ ጠቅልለው፣ ጨው ነስነስ አድርገው ይጠብቁኛል።

አፌን ከፈትኩ።